ያልሞተው የዱር ሰናፍጭ

በእርሻ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ፣ አለቃዬ አቶ መኰንን በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ አስረከቡኝ። «መድኃኒቱን ቆልፍበት፤ ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ» አሉኝ። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ አረም ገዳይ መድኃኒት ለጋይንት ገበሬ እንግዳ ነበር።

ግራዝማች ተሰማ የሚባሉ ባለርስት የስንዴ ማሳቸውን በየክረምቱ ያስረጩኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ስንዴውን ያስቸገረው አረም፣ የዱር ሰናፍጩ፣ እየተጠማዘዘ ደረቀ። ግራዝማችም ለአረም ደቦ መጥራቱን ተዉት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ረጭቼም ቢጫው የሰናፍጭ አበባ ስንዴው መሐል ብቅ አለ። በዓመቱ ባሰ።

«መድኃኒቱን የት አደረስኸው?» አሉኝ ግራዝማች፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሰው ፊት።

«ኧረ ግራዝማች፣ ስበጠብጠው ቆመው አይተዋል።»

«ያየሁትማ ውሃ ነው።»

እኔ ደግሞ የጠረጠርሁት ጎረቤታቸውን ደምሌን ነበር። በወሰን ይካሰሱ ስለነበር ከማሳው የሰናፍጭ ዘር አምጥቶ በትኖባቸው ይሆናል አልሁ። ማሳው ዳር ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እጁ ላይ ነበር።

ወሬው አቶ መኰንን ዘንድ ደረሰ። መጥተው በቀዘቀዘ ሰላምታ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ራሳቸው ያመጡትን ያልተከፈተ የመድኃኒት ቆርቆሮ ከፍተው፣ መርጫውን አዝለው ረጩ፤ እኔን አላስጠጉኝም። ሰናፍጩ ጠውልጎ ሰነበተና መልሶ ቀና አለ።

«አንተ አይደለህም» አሉኝ። ይቅርታ ግን አላሉም።

ከዚያ ከግራዝማች ማሳም፣ መድኃኒት ነክቶት ከማያውቀው ከደምሌ ማሳም የሰናፍጭ ዘር ለቅመን መሥሪያ ቤቱ ጓሮ ጎን ለጎን ዘራነው። በረጨነው መደብ የደምሌው ሞተ፤ የግራዝማች ቆመ። ዘሩን የበተነው ደምሌ ቢሆን ኖሮ ግራዝማች ማሳ ላይ ያለውም በሞተ ነበር። ባልረጨነው መደብ ደግሞ የደምሌው ወገብ ድረስ አደገ፤ የግራዝማች ቀጭጮ ቀረ፣ ዘግይቶ አበበ፣ ፍሬውም ጥቂት ሆነ።

«በየዓመቱ ስንረጭ ሌላው አለቀና መድኃኒቱን የቻለው ብቻ ዘር ጣለ። የቻለበት ጉልበት ግን ከዕድገቱ የተወሰደ ይመስላል» አሉ አቶ መኰንን። «መድኃኒት በሌለበት በሌላው ሰናፍጭ ይሸነፋል።»

ግራዝማችን ጠርተን አሳየናቸው። ከሁለቱም ነቅለው አገላበጡ።

«ተመሳጥራችሁ እንደሆነስ?» አሉና ሄዱ።

ሆኖም በክረምቱ ማሳውን ባቄላ ዘሩበት፤ ደቦም ጠሩ። ደምሌ አልመጣም። መድኃኒቱ ባቄላንም ስለሚገድል ሳይረጭ በከረመው ማሳ ሰናፍጩ በእጅ እየታረመ ሳሳ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ስረጭ ብዙው ሞተ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

አንድን መድኃኒት በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ አትርጩ። አረሙ አልሞት ሲል ደግሞ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት አረሙን መርምሩ።