የሴቶቹ መታጠቢያ

ቀኑ የካቲት አሥራ ስምንት ነበር። ወይስ መጋቢት ገብቶ ነበር? ሰራዊት ይህን ጮክ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። «የካቲት ነው፤ ማንጎው ገና አልደረሰም» ይላል። ወዲያው ያን ቀን የማንጎ ልጣጭ በወንዙ ላይ ሲንሳፈፍ ማየቱ ትዝ ይለውና ከመጀመሪያው መቁጠር ይጀምራል። ሐይቁን በዋና ከተሻገረ በኋላ ጤና ጣቢያው አጠገብ ስለቆመው የነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ሰዎች ሲያመሰግኑት ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

ሰራዊት አሶሳ ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው፤ ያደገውም በባምባሲ በኩል፣ ለዳቡስ ወንዝ በሚቀርብ የሰፈራ መንደር ውስጥ። ዋና የተማረው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። አርባን ከተሻገረ በኋላ ግድቡ ያስተኛውን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በዋና አቋርጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሰዉም ከተሳካለት ማረፊያውን ለመሥራት ቃል ገባ፤ ግማሹ በእንጨት፣ ግማሹ በአሸዋ፣ ግማሹ በጉልበት። ከሁሉ ቀድማ ቃል የገባችው ጣሂራ ነበረች። ከመንጌ ወደ መንደሩ ተድራ የመጣች የበርታ ሴት ናት፤ ታናሽ እህቷ ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀርታለች።

ሐይቁ ሩቅ ስለሆነ ሰራዊት የሚለማመደው በዳቡስ ላይ ነበር። በበጋ ውሃው ረጋ ይላል። አብሮ አደጉ በቃሉ በታንኳ ይከተለዋል። ሥራው አዞ መጠበቅ ነው ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሾፍ ነበር። «አይዞህ መምህር፣ አዞውም ሆድህን ሲያይ ጉማሬ መስሎት ይሸሻል» ይለዋል።

በዚያ አካባቢ ወንድና ሴት የሚታጠቡት ለየብቻ ነው። የሴቶቹ ከወንዙ መታጠፊያ በታች ነው። ውሃ ሲገቡ አንዷ ሻሿን ፈትታ መንገድ ዳር ካለው ዛፍ ላይ ትሰቅላለች፤ ያንን ያየ ወንድ ወይ ይመለሳል ወይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሻሹ ግን የሚታየው በእግር ለሚመጣ ነው። በውሃ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ያን ቀን ታንኳዋ ድንጋይ ላይ ተቀርቅራ በቃሉ ወደኋላ ቀረ። ሰራዊት መታጠፊያው ጋ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ትንፋሹ ገጥሞለት፣ ክንዱ ቀሎት ነበርና ማቆም አልፈለገም። የሚተነፍሰው በቀኙ ብቻ ነው፤ የሴቶቹ ዳር በግራው ነበር። የሳሙና ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባና እጁ አሸዋ ሲነካ ብድግ ብሎ ቆመ።

ሴቶቹ ጮኹ፤ ግማሾቹ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ጣሂራ ግን ከዳሩ ቆማ ነበርና የምትገባበት አጣች። ሰራዊት ወዲያው ፊቱን ማዞር ነበረበት። አላዞረም። ዓይኗን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ወረደ፤ ሲወርድም ያውቅ ነበር። ተመልሶ ውሃው ውስጥ የሰመጠው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሼህ አብዱልረሂም ደጅ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሴቶቹና ባሎቻቸውም መጡ። በቃሉ እየሄዱ ሳለ «ከአዞ አምልጠህ ሴቶቹ ሊበሉህ ነው» ብሎት ነበር፤ እዚያ ሲደርስ እሱም ቀልዱን ተወ። ነገሩ ግልጽ ነበር። መምህሩ አይቶ ከሆነ ባሎቹ ቃላቸውን ያነሳሉ፣ ታንኳም የሚሰጠው የለም፤ ዋናው ይቀራል፣ ማረፊያውም አብሮ። የታየችው ሴት ስምም በየቤቱ ይወሳል።

ሼሁ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዳ ቢሆን አላወቀም እንል ነበር» አሉ። «አንተ ግን እዚሁ ያደግህ ልጃችን ነህ። እናትህ የሺሀረግ እዚያው ዛፍ ላይ ሻሽ ሰቅላለች። በል ንገረን፣ አይተሃል?»

ሰራዊት አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም። ከሴቶቹ መሃል ጣሂራ ቀድማው ተነሳች።

«እሱ በዚህ በኩል ነው የሚተነፍስ» አለች ቀኝ ትከሻዋን ነክታ። «ሁልጊዜ እናያለን። እኛ በዚያ በኩል ነን። ሲቆም ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነው። ምንም አላየም። ወላሂ፣ አላየም።»

ጣሂራ በከንቱ እንደማትምል ሁሉም ያውቃል። ሼሁ ወደ ሰራዊት ዞሩ።

«እንዳለችው ነው?»

«አዎ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተመካከሩና ከእንግዲህ በቃሉ መታጠፊያው ላይ ቀድሞ እየጮኸ እንዲያልፍ አዘው ጉዳዩን ዘጉ። ዱዓ ተደረገ። ባሎቹ ተራ በተራ እጁን ጨበጡት፤ የጣሂራ ባል በሁለት እጁ ነበር የጨበጠው። ሰራዊት ጆሮው ድረስ ጋለ።

ጣሂራን ለብቻዋ ማግኘት ፈለገ። የማለችው ለማረፊያው ነው? ለገዛ ስሟ? ወይስ ለእሱ አዝና? ነው ወይስ በእርግጥ አላየም ብላ አምና ነው? ሊነሳ ሲል ሼሁ ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም ብለው እጁን ያዙት። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሰው ቢሞክር ምላሱን አቃጠለው። በቃሉ ሳቀበት።

መንገድ ዳር ሲደርስ ወደ መንጌ የሚሄደው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቷል። ጣሂራ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ እየሄደች መሆኑን የነገረው ከታች ቆሞ የሚሸኛት ባሏ ነው። እሷ ከላይ፣ የማሽላው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያጠበቀች ነበር።

«ጣሂራ» አለ ሰራዊት።

ዞር አለች። ባሏም ምን ሊላት ነው ብሎ ፈገግ እንዳለ ዞረ።

ሰራዊት «በሰላም ግቢ» ብቻ አለ። መኪናው ሄደ።