ከኮሶው ሥዕል ሥር የጎደለው ስም

ያን ሳምንት አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጥባለሁ።

ምክንያቱ አንድ ፎርም ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ያዘጋጀሁት፣ በጎንደር ትምህርት ቤቶች በፎቶ ኮፒ ሲዞር የኖረ የዕፅዋት መጽሐፍ አለኝ። መምህራን ሁሉ በነፃ እንዲያወርዱት ድረ ገጽ ላይ ልጭነው ተስማምቻለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ ሰው መጽሐፉን እንዴት እንዲጠቀምበት የሚወስነውን ፈቃድ ፎርሙ ላይ መርጬ መላክ አለብኝ። ስድስት ዓይነት ፈቃድ ተደርድሯል። ሁሉም የባለቤቱ ስም ይጠቀስ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አንዱ ቅዳ እንጂ አትሽጥ ይላል። ሌላው ቅዳ እንጂ አንዲት ቃል አትንካ ይላል። ሌላው ደግሞ ለውጥ፣ ግን የለወጥከውን አንተም እንዲሁ ለሌላው ክፈት ይላል።

የኔ ዓይን ያረፈው ከሁሉም በጠበቀው ላይ ነበር፤ አይሸጥም፣ አይነካም። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ የድሮ ማስታወሻዬን፣ ሽፋኑ ላይ የማላውቀው ሰው ስም ሰፍሮበት አግኝቼው ነበር። የሠራሁት ስህተት ሳይቀር ውስጡ አለ፣ ስሜ ብቻ የለም። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኛለሁ።

አይከል ከተማ የምታስተምር ጓደኛዬ ግን በየቀኑ ትደውላለች። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ናቸው፤ ብዙውን ተክል አያቶቻቸው የሚጠሩት በአካባቢው ቋንቋ፣ በቅማንትኛ ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ያንን ስም ጨምራ መጽሐፉን ልታባዛው ትፈልጋለች። እንደ ፒያሳው ሰውዬ ዝም ብላ መሥራት ትችል ነበር፤ ሳታስፈቅድ የማትነካ ሰው ሆና ነው እኔን መከራዬን የምታሳየኝ።

«ምነው እህቴ፣ መረጥሽ?» አለችኝ።

«አትንኩ የሚለውን ልመርጥ ነው።»

«እንግዲያስ ስሞቹን መጨመር አልችልማ?»

«አትችይም።»

«ልጆቹ እኮ ዛፉን ያውቁታል» አለችኝ። «ደጃቸው የበቀለ ነው። እኔ መጽሐፉ ላይ ባለው ስም ስጠራው ነው እንደ ባዕድ የሚያዩት።»

ስልኩን ዘጋሁና በሷም በራሴም ተናደድኩ።

ሐሙስ ዕለት ይለይልኝ ብዬ ፎርሙን ከፈትኩ። ምርጫው ላይ ከመድረሴ በፊት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ በሥራው ውስጥ ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው? ሰው የራሱ ያልሆነውን ለሌላ መፍቀድ አይችልምና። አዎ ብዬ አለፍኩ። አለፍኩና ደነገጥኩ። ሥዕሎቹስ?

ሥዕሎቹን የሣሉልኝ ትምህርት ቤታችን ሥዕል ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቁስቋም የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ክረምት ሙሉ ዝናቡ ሲያባራ እየጠበቅን ወገራ ድረስ እንወጣ ነበር። ቅርንጫፉን እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ይሥላሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስማቸውን በቀይ ቀለም ያሰፍሩ ነበር። ስካን ሳደርግ ቆርጬ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ገጹ እንዲጸዳልኝ ብዬ። ሽፋኑ ላይ ያለው የኔ ስም ብቻ ነው። ሌላ ክፋት አልነበረኝም እላለሁ፤ የፒያሳው ሰውዬም ቢጠየቅ እንደዚሁ ይል ይሆናል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚባለው ለካ ለኔ ነው። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ መጽሐፉን ይዤ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። ባጃጁ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ወርጄ በእግሬ ልቀድመው ምንም አልቀረኝ። አያ፣ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በወጣትነታቸው ብራና ይጽፉ ነበር።

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ የፒያሳውን ሰውዬ፣ ስድስቱን ፈቃድ፣ የአይከሏን መምህርት። ስለ ቆረጥኩት ስም ግን አላነሳሁም።

«ምነው እንዲህ ያቁነጠንጥሻል?» አሉኝ። «እኛ መጽሐፍ ስንጽፍ መጨረሻው ላይ እርግማን እናኖር ነበር። የሰረቀውን እንረግማለን፣ የፋቀውን እንረግማለን። የቀዳውን ማን ይረግማል? እኔስ ከሌላው አይደል የቀዳሁት!»

«ቢጨምሩበትስ፣ አያ?»

«በቅማንትኛ ቢጠሩት ኮሶ ኮሶነቱን ሊተው ነው? ሸጋ አድርጋ ትጻፈው።»

የፋቀውን ሲሉ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። «አያ፣ የፋቅኩት እኔ ነኝ። ስምዎን ከሥዕሎቹ ላይ ቆርጬ አወጣሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ። ገብተው አንድ መጽሐፍ አመጡና ጉልበቴ ላይ አኖሩት። የኔው መጽሐፍ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። «የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አመጣችው። ይህን ኮሶ የሣልሁት እኔ ነኝ አልኋት። ታዲያ ስምህ የታለ አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ገጹን ሁሉ ፈለግሁት። ቀጣፊ ሆንሁ ልጅቱ ፊት።» ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያም ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፤ ሥዕሎቹን ለሁሉም ልክፈታቸው ወይ አልኳቸው። ክፈቻቸው አሉኝ። እዚያው ስልኬ ላይ ፎርሙን አውጥቼ፣ ስም ጠቅሰህ ቅዳ፣ ለውጥ፣ የለወጥከውንም ለሌላው ክፈት የሚለውን መረጥኩ። መሸጥን አይከለክልም። የፒያሳው ሰውዬም ከፈለገ ይሽጠው፣ ስማችንን ካልፋቀ። ባለቤት በሚለው ቦታ ሁለት ስም ጻፍኩ፣ የሳቸውን አስቀድሜ፤ ፎርሙንም ላክሁት። ለአይከሏ ጓደኛዬም «ጨምሪበት» ብዬ ላክሁላት።

እስክሪብቶ አውጥቼ የልጅቱ መጽሐፍ ላይ፣ ከኮሶው ሥር፣ ስማቸውን ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«አሁን አይደለም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ እያየችሽ ትጽፊዋለሽ።»

ገና ረፋድ ነበር። ልጅቱ የምትለቀቀው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እስክትመጣ ድረስም አልተነሳሁም።