ዛሬ የተለጠፈ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንደኛ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። ቤት ፈላጊ ስልኩን አውጥቶ «የሚሸጥ ቪላ»፣ «ሦስት መኝታ»፣ «ግቢ ያለው» ብሎ ሲጽፍ፣ ከሚዘረገፍለት ኮተት ሁሉ በላይ የእነሱ ድረ ገጽ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቀው የምታደርገው እሷ ናት። ለአለቃዋ ሁለተኛ መውጣትና መጨረሻ መውጣት አንድ ነው። «እስከ ታች ድረስ የሚወርድ ሰው ቤት ፈላጊ አይደለም፣ ሥራ ፈት ነው» ይላል። እሷ በትምህርት ቤት ዘመኗ አንደኛ ወጥታ አታውቅም። እናቷ አዲሱን ስሟን የሰማች ዕለት «እሰይ፣ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰሽ» ብላ ስቃባታለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ደላሎቹ «ቅንጡና ዘመናዊ መኖሪያ» ብለው ጽፈው ያመጡላታል፣ እሷ ቅንጡውን ትሰርዘዋለች። ቅንጡ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ሰው «ውሃ የማይጠፋበት»፣ «ለትምህርት ቤት ቅርብ»፣ «ጸጥ ያለ ሰፈር» ብሎ ነው የሚፈልገው። እነዚህን ቃላት ርእሱ ላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከፎቶው ሥር ትሰገስጋቸዋለች። ወር በገባ ቁጥር ደግሞ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ቀናቸውን ታድሳለች፣ የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ትኩስ ነገር ይወዳልና። ቀኑ ሲታደስ ከገጹ ራስ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ዛሬ የተለጠፈ» የሚል ይወጣል፣ ወሩ እስኪያልቅም እዚያው ይቆያል።

ቤቱ ሲሸጥ ገጹ ይነሳል ብሎ የሚያስብ ካለ የዋህ ነው። በስንት ልፋት አንደኛ የወጣ ገጽ ቤቱ ተሸጠ ተብሎ አይጣልም። እንዲህ ያለውን ገጽ «መንጠቆ» ይሉታል። ሰው ያየዋል፣ ልቡ ይከጅላል፣ ይደውላል ወይም ይመጣል። ስልክ ተቀባይዋም «ወይኔ! እሱ እኮ ትናንት ተያዘ። ግን ልክ እሱን የሚመስል አለን» ትለዋለች። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው አንደኛ ራሷ ናት፣ ወረቀቱም ከስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በተለይ «ትናንት» የምትለዋ የእሷ ፈጠራ ናት። በአንድ ቀን ያመለጠው ሰው ሁለተኛው እንዳያመልጠው ይጣደፋል። ውሸት ነው ወይ? ውሸት ነው። ግን ሁሉም የሚዋሸው ውሸት ስለሆነ የማንንም እንቅልፍ አልነሳም።

አባቷ ሲሞት እሷና ወንድሟ ቤቱ እንዲሸጥ ተስማሙ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እናታቸው ብቻዋን ልትኖርበት አትችልም። እናትየው «እናንተ ካላችሁ» አለችና ጓዟን ጠቅልላ ወንድ ልጇ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ወጣች። «አንቺ እያለሽ ለባዳ አንሰጥም» አለ ወንድሟ፣ እናም ገጹን የምትጽፈው አንደኛ ሆነች።

ያን ቀን ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ አላሰበችም። እጇ ኪቦርዱ ላይ ሄደ፣ እሷም ተወችው። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በኩሽናው መስኮት ትገባለች፣ ቶሎም አትወጣም። የጓሮው በር ትንሽ ከፍ አድርጎ መግፋት ይፈልጋል። ዝናብ ካባራ በኋላ ሎሚው ይሸታል።» አለቃዋ አንብቦ «የበሩን ጉድለት የሚያስተዋውቅ ሻጭ ያየሁት ዛሬ ነው» አለ፣ ግን የሐዘንተኛ ጽሑፍ ነው ብሎ ተወላት። ገጹ ብዙም ሳይቆይ አንደኛ ወጣ። የከፈተው ሰው ሁሉ ቶሎ አይዘጋውም፣ እስከ መጨረሻው ያነብበዋል። መፈለጊያው ደግሞ ሰው የቆየበትን ነገር ወደ ላይ ይገፋል።

ቤቱም ተሸጠ። የገዛው ሰውዬ ለፎቅ ነበር የፈለገው። አንድ ጠዋት በአውቶቡስ ስታልፍ ግቢው ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ጣሪያ የለም፣ ሎሚ የለም። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች፣ ምንም አልተሰማትም። ቢሮ ገባች፣ ሥራዋን ሠራች፣ ምሳዋን በላች። በአባቷ ቀብርም እንደዚሁ ነበረች። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እሷ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ ነበር፤ አክስቷም «ይቺ ልጅ ደነዘዘች» ብላለች። እውነቷን ነው፣ ደንዝዛለች። ከወንድሟ ጋር ተነጋገሩና ቤቱ መፍረሱን ለእናታቸው ላለመንገር ወሰኑ። ወንድሟ የሚስቱን አፍ ስለሚያውቅ ለእሷም አልነገራት። አንደኛም ወር በገባ ቁጥር የዚያን ቤት ቀን ከሌሎቹ መንጠቆዎች ጋር አደሰችው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

እናትየው አራተኛ ፎቅ ላይ የጎደለባት ነገር የለም። ሙቅ ውሃ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ የሚጦራት ልጅ አለ። ጠዋት ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ማታ ከዚያው ትነሳለች፣ ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። የወንድ ልጇ ሚስት ወሬኛ ብትሆንም ደግ ሰው ናት። አንድ ቀን አሮጊቷን ላጫውታት ብላ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ ለቀልድ ያህል «ሎሚ ያለው ግቢ» ብላ ጻፈች። አንደኛ የወጣው የራሳቸው ቤት ነበር።

«ውይ እማዬ! የእርስዎ ቤት እኮ ነው! ዛሬ የተለጠፈ ይላል።»

እናትየው መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ቤቱ ተተረማመሰ። ካየችው በኋላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለልጆቹ እንዳትነግሪ፣ ይከለክሉኛል» አለች። ነገሩን በሆዷ ጨርሳዋለች፦ ገዢው ሰውዬ ተጸጽቶ መልሶ ሊሸጠው ነው፣ የሽያጩ ገንዘብ ባንክ አለ፣ ሄዳ መልሳ ትገዛዋለች። ልጇ እዚያው መሥሪያ ቤት እንደምትሠራ ታውቃለች፣ ግን የኮምፒውተር ሰው ሁሉ ላይ ፎቅ የሚቀመጥ ይመስላታል። ልጆቿ ሳይሰሙ እንደማንኛውም ገዢ ገብታ ጨርሳ ልትወጣ ነው።

በማግስቱ ወር ገባ። አንደኛ ከእንግዳ መቀበያው ከሚለያት መከለያ ጀርባ ተቀምጣ ቀኖቹን እያደሰች ነው። በሩ ተከፈተና የምታውቀው ድምፅ ሰማች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። የኩሽናው መስኮት ፀሐይ የሚገባበት ቤት አላችሁ አይደል? እሱን ልገዛ ነው።»

ስልክ ተቀባይዋ አንገቷን ወደ ግድግዳው ዘንበል አደረገች። «ወይኔ እማማ! እሱ እኮ ትናንት ተያዘ።»

«ትናንት?»

«አዎ፣ ትናንት።»

«የለም፣ እኔ ያየሁት ራሱ ትናንት ነው፣ ዛሬ የተለጠፈ ይል ነበር። በተለጠፈ በሰዓቱ ተያዘ?»

ስልክ ተቀባይዋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም። ወረቀቱ ላይም መልስ የለውም። ወደሚቀጥለው መስመር ዘለለች፦ «ግን ልክ እሱን የሚመስል አለን።»

«ልክ እሱን? የጓሮው በርስ?»

«በሩ አዲስ ነው እማማ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚከፈተው።»

«እንግዲያማ እሱን አይመስልም።»

አንደኛ መነሳት ነበረባት፣ አልተነሳችም። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከመከለያው ወዲያ የሚነገረው ቃል እሷ የጻፈችው ነው፣ የሚጠይቀው ድምፅ ደግሞ የእናቷ።

«በይ እሺ፣ የያዘውን ሰው አገናኚኝ» አለች እናትየው። «እለምነዋለሁ። ለእሱ ቤት ነው፣ ሌላም ያገኛል። ለእኔ ግን ኑሮዬ ነው። ልጆቼ ቤት መሽቶ ይነጋል እንጂ ኖርኩ አልልም።»

ይህን ለልጆቿ አንድም ቀን ብላ አታውቅም። አንደኛ ተነሳች።

«እማዬ።»

እናትየው ስኳር ስትሰርቅ የተያዘች ልጅ መሰለች። ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «አንቺ ታች ነሽ እንዴ?» አለች።

«እማዬ፣ ቤቱን ማንም አልያዘውም።»

«እሰይ! ተመስገን!» ፊቷ በራ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም። አንደኛ ከየት መጀመር እንዳለባት አታውቅም ነበርና ከማይጀመርበት ጀመረች፣ አሁን ደግሞ መጨረስ አለባት።

«እንደሱ አይደለም። ቤቱ የለም። ሰውዬው እንደገዛው አፈረሰው።»

ስልክ ተቀባይዋ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። እናትየው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሎሚውስ?»

«ሎሚውም።»

«ታዲያ ዛሬ የሚለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። በየወሩ ቀኑን የምቀይረው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ለአዳዲስ ሠራተኞች ይህን በደንብ አድርጋ ታስረዳለች። ለእናቷ ግን የተገኘላት ይህ ብቻ ነው፦ «ሰው እንዲመጣ።»

«ለሌለ ቤት?»

«ለሌለ ቤት።»

ብትቆጣት፣ ብትረግማት ይሻል ነበር። እናትየው አልተቆጣችም። «እስቲ በትልቁ አሳዪኝ» አለች። አንደኛ ደግፋ ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደቻትና ገጹን ከፈተችላት። ፎቶው ላይ ኩሽናው በፀሐይ ተሞልቷል፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ እጀታዋ የተላጠ ሰማያዊ ኩባያ ቁጭ ብላለች።

«ኩባያዬን ሳታነሺ ነው ፎቶ ያስነሳሽው» አለች እናትየው። ቀጥሎ ጽሑፉን አስነበበቻት። የበሩ ነገር ጋ ሲደርሱ ሳቅ አመለጣት። «አባትሽ ይህን ቢሰማ፣ ‹ነገ አስተካክለዋለሁ› ነበር የሚለው። ዕድሜ ልኩን ነገ እንዳለ ሄደ።»

«ላጥፋው?» አለች አንደኛ። ጣቷ ተዘጋጅቷል።

«በአንድ ጊዜ?» እናትየው እጇን ያዘቻት። «አንዱን በአንድ ቀን አፍርሳችሁብኛል፣ ይሄን ተዪው። ቀኑን ብቻ አትንኪው። እንደ ማንኛውም ነገር ያርጅ።»

አንደኛ አልነካችውም። በሚቀጥለው ወር የሁሉንም ቀን ስታድስ ያንን ዘለለችው። አረንጓዴው ጽሑፍ ጠፋ። ቤቱ ሁለተኛ ሆነ፣ ከዚያም የሌሎች ሻጮች ገጾች አንድ በአንድ አለፉት። አለቃዋ ጠረጴዛዋ ጋ መጥቶ ቆመ።

«አንደኛ፣ መንጠቆሽ እየሰመጠ ነው። ቀኑን ምን ነካው?»

«ቤቱ ፈርሷል።»

«ታዲያ እሱ ከቀኑ ጋር ምን አገናኘው?»

«የእናቴ ቤት ነው» አለችው። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ፣ ሌሎቹን ጠበቅ አድርጊ» ብሎ ሄደ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትፈልገዋለች። በየቀኑ ጥቂት ይወርዳል። ሲወርድ ታያለች፣ ኮምፒውተሩን ወደ ሥራዋ ትመልሳለች፣ አሁንም ምንም አይሰማትም። እናቷም አራተኛ ፎቅ ላይ በምራቷ ስልክ እንደምትከታተለው ታውቃለች፣ ሲገናኙ ግን ስለሱ አንስተው አያውቁም። አንድ ቀን ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ።

«ዛሬ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው» አለች እናቷ። «ምራቴ ጣቷ እስኪዝል ወደ ታች ጎተተችው። ሎሚም ብላ ጻፈች፣ ኩሽናም ብላ ጻፈች።»

«አዎ እማዬ። ወርዷል።»

«ጨርሶ?»

«ሰው ከማያየው ቦታ ነው ያለው።»

«ይሁን እንግዲህ» አለች እናቷ። «አንቺስ? ምሳ በላሽ?»

አንደኛ «በልቻለሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ቃሉ አልወጣም። የወጣው ለቅሶ ነው፣ ያውም ድምፅ ያለው፣ ቀብር ላይ ያልወጣው። ስለ አባቷ አለቀሰች፣ ስላልተስተካከለው በር፣ ጠርዝ ላይ ስለቀረችው ኩባያ። ስልክ ተቀባይዋ ደንግጣ እየሮጠች መጣች፣ ደላሎቹ ከየጠረጴዛቸው ቀና አሉ፣ አለቃዋ ከክፍሉ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ማቆም አልቻለችም፣ ልታቆምም አልሞከረች።

«አልቅሺ እናቴ» አለች እናቷ ከወዲያ በኩል። «አለሁ።»

ስልኩንም አልዘጋችባትም።