ማማ እና የባሕር ውሃው

ጅዳ በምሠራበት ቤት የአሠሪዬ እናት፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከክፍላቸው አይወጡም ነበር። ሁላችንም "ማማ" እንላቸዋለን። ልጃቸው ሐዘኑ ቢቀልላቸው ብሎ አንድ ቀን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ሳሎን ውስጥ አስተከለ። የባሕር ዓሣ የሚኖርበት፣ ጨዋማ ውሃ የሞላው ነው። "ውሃውን አንቺ ትጠብቂያለሽ" አለኝ።

እኔ የዋግ፣ የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ያየሁት በአውሮፕላን መስኮት ነው። ዓሦቹን የሸጠልን ሱዳናዊ ግን ታግሦ አሳየኝ። ጥቂት ውሃ በብልቃጥ ቀድተው ጠብታ ሲጨምሩበት ቀለሙ ይለወጣል። አንዱ ምርመራ ፒኤች ነው፤ ውሃው ወደ መኮምጠጥ ማዘንበሉን ይናገራል። ሌላው አልካሊኒቲ ነው፤ ውሃው መኮምጠጥን የሚቋቋምበትን አቅም ያሳያል። "አዲስ ገንዳ ነውና አትቸኩይ" አለኝ።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀች።

"ባሕር ቤት ውስጥ? ደግሞ ውሃ ያመዋል እንዴ ልጄ?"

"ያመዋል እማ።"

እውነትም አመመው። ጠዋት ጠዋት ፒኤቹ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። መኮምጠጡን ያበርድልኛል ብዬ የመጋገሪያ ሶዳ በጥብጬ ጨመርኩ፤ በማግስቱም ደገምኩ። ውሃው ወተት መሰለ፤ ዓሦቹም ከድንጋዩ ሥር ተሸሸጉ። ደንግጬ ሱዳናዊውን ጠራሁት። መጥቶ መረመረና ራሱን ነቀነቀ።

"አልካሊኒቲው ከልክ አልፏል፤ ሶዳውን ተይው። ችግሩ ቤቱ መታፈኑ ነው። የምንተነፍሰው አየር መውጫ ሲያጣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ያኮመጥጠዋል። መስኮት ክፈቱ።"

እዚያ ቤት መስኮት አይከፈትም፤ ቀን ከሌት ማቀዝቀዣው ነው የሚሠራው። የሳሎኑን መስኮት ደግሞ ባለቤታቸው ሲያርፉ የዘጉት ማማ ራሳቸው ናቸው። ፈራ ተባ እያልኩ በራቸው ላይ ቆምኩ።

"ማማ፣ ዓሦቹ አየር አጥሯቸዋል። የሳሎኑን መስኮት ልክፈተው?"

"እሱ ይቀመጥበት የነበረውን?"

"አዎ ማማ።"

ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ራሳቸው ሄደው ከፈቱት። የባሕሩ ነፋስ መጋረጃውን አነሣው። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ፤ እስኪረፍድም አልተነሡም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋታችን የጋራ ሆነ። ከውሃው ጥቂት ጥቂት እየቀነስን አዲስ ስንተካ አልካሊኒቲው ወረደ፤ ፒኤቹም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ጠብታውን እጨምራለሁ፣ ማማ መነጽራቸውን አድርገው ቀለሙን ያያሉ። ባልተስማማንበት ቀን እንከራከር ነበር። ያንን ክርክር እንዴት እንደምናፍቀው!

በመካከሉ አገሬ ጦርነት ገባና የዋግ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ጠዋት ብልቃጡን ስይዝ ማማ "ዛሬስ?" ይሉኛል። "ዛሬም የለም" እላለሁ። "እንግዲያው አገርሽን ንገሪኝ" ይላሉ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ከእናቴ ጋር ማር ይዘን በእግራችን ሰቆጣ ገበያ ስንወርድ፣ ጠዋት ብርዱ ጣታችንን ሲያደነዝዘው፣ እሷ ከፊት ሆና ስታወጋኝ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም ዓሣ አጥማጅ የነበሩ አባታቸውን ይነግሩኛል።

አንድ ቀን የገንዳውን ማጣሪያ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ።

"አለሁ ልጄ! ሁላችንም አለን!"

ጩኸቴን ሰምተው ማማ እየሮጡ መጡ። ነገሩ ሲገባቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው በዓረብኛ መናገር ጀመሩ። እናቴም በደስታ አማርኛው ጠፍቷት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ትመልሳለች። አንዳቸው የሌላዋን ቃል ሳይሰሙ ብዙ አወጉ፤ እየሳቁ፣ እያለቀሱ።

አሁን ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የማማን ማረፍ ልጃቸው ደውሎ የነገረኝ ዕለት ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሲያልፍ "ማን ሞተባችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን ለእኔ አልተወችውም።

"እህቴ ናት" ትል ነበር።