ሊፍቱ የነገረኝ

እህቴ ዘንድ የምደውለው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ልጄ ቤት በኖርኩባቸው ዓመታት ጥርሴን ሳልፍቅ የዋልኩባቸው ቅዳሜዎች አሉ፤ ሳልደውል የዋልኩበት ግን አልነበረም። የስልክ ካርዴን በሳንቲም እፍቃለሁ፤ ከዕድሜዬ የረዘመውን ቁጥር አንድ በአንድ እጫናለሁ፤ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ስድስትን እጫንና እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ እሷ ታነሳዋለች። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እሷ ደግሞ «አንተ ለፍላፊ» ትለኛለች። ስሜን ረስታው ይሁን ንቃው ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ጊዜ ታማ ነበር። ኩላሊቷ ነው ይሉኛል፤ እየተሻላት ነው ይሉኛል። የመጨረሻውን ቅዳሜ ስደውል ድምፅዋ ከጓዳ በር በስተጀርባ የሚመጣ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ በሽተኛ ሳገኝ አፌ የሚፈታ ሰው ነኝ፤ ዝም ካልኩ ሕመሙን የምሰማው ይመስለኛል። ስለ ሕንፃችን ሊፍት ጀመርኩላት። አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ እንደምንኖር፣ ሊፍቱ በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚበላሽ፣ ማክሰኞ ዕለት ከአንዲት ጎረቤትና ከውሻዋ ጋር መሀል ላይ ቆሞብን ውሻው እኔን እያየ እንዴት ሲያላዝን እንደቆየ። እትዬ ሳቀች፤ ከሳቋ ሳሏ በለጠ። ካርዱ ላይ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ መሀል ገብታ በእንግሊዝኛዋ አንድ ደቂቃ ቀርቶሃል አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ያችን ደቂቃ የውሻውን ነገር ልጨርስባት ብዬ ቀጠልኩ።

እትዬም «ቆይ እስቲ አንተ ለፍላፊ፣ አሁን እኔን ስማኝ» አለች። «እኔ የምልህ…»

ካርዱ አለቀ።

ግድ የለም፣ ቅዳሜ ይደርሳል አልኩ። ሌላ ካርድ ገዛሁና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳምንቱን ሙሉ ግን ያች ቃል ጆሮ ውስጥ እንደገባ ውሃ አልወጣ አለችኝ። ምን ልትለኝ ነበር?

ዓርብ ልጄ ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ነገ ስኪ ልንሄድ ነው። አንተም ትመጣለህ» አለችኝ።

«ስኪ? እኔ? ከሶፋ ለመነሳት ስብሰባ የምጠራው ሰውዬ?»

«አንተ አትንሸራተትም። ሎጁ ውስጥ ሞቆህ ቁጭ ትላለህ።»

«ቁጭ ለማለት ሁለት ሰዓት በመኪና? እዚሁ ቁጭ እንዳልል ማን ከለከለኝ?»

የልጅ ልጄ መሀል ገባች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚያ የበረዶ ወቅት ከአባቷ ጋር እየተመላለሰች ስኪ፣ በሁለት ረጃጅም ጣውላ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ስትማር ነበር። «አባባ፣ ፕሊስ! ነገ ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ነው የምወርደው። ዩ ሃቭ ቱ ዋች!»

«ስልኬስ?» አልኩ።

«ስትመለስ ትደውላለህ» አለች እናቷ።

«ስመለስ እዚያ ሌሊት ነው።»

«እንግዲያው እሁድ» አለች፣ ለማቀዝቀዣው በር። ፊቷን ወደኔ አላዞረችም።

እዚህ ላይ ሙያዬን ልናገር። መርዶ ነጋሪ ነኝ። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰውም ብቻውን ሆኖ አይሰማውም። ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን ያንኳኩበታል፤ ከብበው፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ይነግሩታል። ይህን ሥራ አገር ቤት በእድሩ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ቶሮንቶም ይዤው መጣሁ፤ ሻንጣ ውስጥ የማይመዘን ዕቃ ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ጎልማሶች ዘዴውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አስቀድማችሁ በደንብ አብሉት፣ ከሰማ በኋላ አይበላምና። የግፊት ኪኒን ካለው መዋጡን አረጋግጡ። ስልክ አርቁበት። ቢቻል ከቤት አውጡት፤ አንድ ሰው ከጎኑ አይጥፋ። ዓይኑ ወደማይሆን ነገር ከሄደ ወደ ሌላ መልሱለት። አማቼ ከተማሪዎቼ አንዱ ነበር። ዝምተኛ፣ ደህና ልጅ ነው፤ ጉድለቱ መዋሸት አለመቻሉ ነው። ሲዋሽ አፍንጫውን ያሻል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት እንቁላል ቀረበልኝ። በሌላ ቀን አንዱን ለመብላት ከልጄ ጋር ሽምግልና እንቀመጣለን፣ ኮሌስትሮልህ እያለች። ኪኒንህን ዋጥክ ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። መሳቢያዬን ስከፍት ካርዱ የለም። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«አለርጂ ነው፣ አባዬ።»

«በዚህ በረዶ? የትኛው አበባ ነው የሸተተሽ?»

አልሳቀችም።

አወቅህ ወይ ብትሉኝ አላወቅሁም። ጸጉር አስተካካይ የከተማውን ማጅራት ሁሉ ሲያይ ይኖራል፤ የራሱን ግን አያይም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ማወቅ አልፈለግሁም። እንቁላሎቹን ሦስቱንም በላሁ።

ወደ ሰሜን ነዳን። ሰማዩና መንገዱ አንድ ቀለም ነበሩ። የሄድንበትን ቦታ ተራራ ይሉታል፤ ከመኪናው ወርጄ ብፈልገው ከፓርኪንጉ ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሰው ግን ጉድ ነው። አባት፣ እናት፣ ሕፃን፣ ሁሉም በፕላስቲክ ጫማ እግሩ በጀሶ የታሰረ ይመስል እየተንገዳገደ ይራመዳል፤ በገዛ ገንዘቡ! ጫማ የሚከራይበት ባንኮኒ ጋ አማቼ ለልጅቱ ፎርም ሞላ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ችሎታ። ከሥር በደቃቁ የተጻፈው ምን ይላል ብዬ አስተረጎምኩት። አደጋ ቢደርስ፣ ሞትም ቢሆን፣ ማንም አይጠየቅም ይላል።

«እሱን ወረቀት ስፈልግ ነው የኖርኩት» አልኩት። «ለእኔም አንድ ስጠኝ፣ ልፈርም።»

እሱም አልሳቀም። በዚያ ቀን ቀልዴ በወጣ ቁጥር ተንሸራቶ ይወድቅብኝ ነበር።

ሎጁ እርጥብ ካልሲና የተጠበሰ ድንች የሚሸት ትልቅ አዳራሽ ነው። በየወንበሩ ሥር የወለቀ ጫማ፣ በየጠረጴዛው ላይ የሚያንጠባጥብ ጓንት። እኔን መስኮት አጠገብ፣ ከነሻንጣው ከነጫማው አስቀመጡኝ። ዙሪያዬን ባይ በየጠረጴዛው አንዳንድ ሽማግሌ፣ አንዳንድ አሮጊት ተቀምጧል፤ ሁላችንም የሰው ጫማ ጠባቂ። ከጎኔ ያለችው ቻይናዊት አሮጊት አንገቷን ነቀነቀችልኝ፤ እኔም ነቀነቅሁላት። ቋንቋ አላስፈለገንም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነን።

ከመስኮቱ ውጭ ትንንሾቹን ያስተምራሉ። አስተማሪዋ «ፒዛ! ፒዛ!» እያለች ትጮኻለች፤ ልጆቹም «ፒዛ!» እያሉ ይንከባለላሉ።

«ገና ሳይደክማቸው ምሳ ጠየቁ?» አልኩ።

ልጄ አስረዳችኝ። የስኪውን ሁለት ጫፍ ከፊት አጋጥመው ከኋላ ሲከፍቱት የፒዛ ቁራጭ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቆማል። ፒዛ ማለት መቆሚያ ነው። ይህን እየነገረችኝ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው።

«አባዬን በሊፍቱ ይዘኸው ውጣ እስቲ» አለችው። «ቪውውን ይይ። ላይ ሻይም አለ።»

በረዶ ላይ ውጣ ብትለኝ እንቢ እል ነበር። ሊፍት ግን አውቃለሁ፤ በር አለው፣ መስተዋት አለው፣ ይሞቃል። «በሊፍት ከሆነማ» ብዬ ተነሳሁ። ጫማዎቹን ለቻይናዊቷ በምልክት አደራ ሰጠኋት። የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ሁሉ እያሰብኩ ነበር።

አማቼ መስመር ላይ አቆመኝ። «ጋሼ፣ ባሉበት ይቁሙ፤ ከኋላ ይመጣል።»

«ምኑ?» ብዬ ሳልጨርስ ወንበር ከኋላዬ መጥቶ ጉልበቴን አጥፎ ተሸክሞኝ ሄደ። ወንበር ብቻ! ከብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ አግዳሚ ወንበር። እግሬ አየር ላይ፣ ባርኔጣዬ በእጄ።

«ይሄ ነው ሊፍቱ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ግድግዳውን ማን ሰረቀው?»

ጥቂት ከወጣን በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥራችን ባዶ በረዶ ነው። ገመዱ በንፋስ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«አይፍሩ ጋሼ። ታች ሰው ወድቆ ይሆናል፤ ሲነሳ ይቀጥላል።»

«ምን ያስፈራኛል፤ የለመድኩት ነው። ውሻው ብቻ ነው የጎደለው።»

ውሻውን ስጠራ የእትዬ ሳቅ ትዝ አለኝ። አማቼ እንዳያየኝ ብዬ ፊቴን ወደ ኋላ አዞርኩ።

ከሎጁ ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ ካሉበት፣ ታች ያለ ሰው የማያየው ጥግ አለ። ከላይ ግን ይታያል። ልጄ በቀይ ኮቷ እዚያ ቆማለች። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። ከዚያ ስልኩ ወረደ። በረዶው ላይ ቁጢጥ አለችና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። ድምፅዋ አይደርሰኝም። መድረስም አላስፈለገውም፤ እኛ እንዲያ የምንሆነው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

አማቼም አይቷታል። «ጋሼ፣ ያንን… ያንን ዛፍ ይዩት፤ እንዴት ያምራል» አለ፣ በዚያ ወፍራም ጓንት አፍንጫውን እያሸ።

ዓይኑ ወደማይሆን ነገር ከሄደ ወደ ሌላ መልሱለት። ጎበዝ ተማሪ።

ዛፉን አየሁ። ቅጠል የሌለው፣ እርጥብ፣ ጥቁር ዛፍ ነው። ብዙ አየሁት።

«ነገ ጠዋት ቤት ሰው ይመጣል?» አልኩት።

«የ… የምን ሰው፣ ጋሼ?»

«እንዲያው። ወንበር ይበቃ እንደሆን ብዬ ነው።»

በዚህ ጊዜ እጁ ወደ አፍንጫው አልሄደም።

«ይበቃል» አለኝ።

ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቁልቁል ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ ፒዛ የለው፣ መቆሚያ የለው። እዚያ ላይ ሆኜ ብጮህ የሚሰማኝ አልነበረም። ነገር ግን ልጅቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልትወርድ ነው። አሁን ካለቀስኩ ጫማዋን አውልቀው መኪና ውስጥ ያስገቧታል፤ ጠብቃ ጠብቃ ያገኘቻት ቀን አያቷ ያለቀሰባት ቀን ሆና ትቀራለች። ለቅሶ ደግሞ ቢያቆዩት አይሻግትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ሰው ለቅሶ በቀጠሮ ሳቆይ ኖሬ የራሴን አንድ ቀን ማቆየት ያቅተኛል?

«እውነትም ያምራል ዛፉ» አልኩት። «ለሚስትህ ምንም አትበላት።»

ራሱን ነቀነቀ። እጄን ያዘኝ፤ ማለት ጓንቱ ጓንቴን ያዘው። ሊፍቱ ነቅነቅ ብሎ ቀጠለ። ላይ ደረስን፤ ሻዩን ሳንጠጣ በዚያው ወረድን።

አጥሩ ዳር ሦስታችን ቆምን። ልጄ ፊቷን ታጥባ መጥታለች። የልጅ ልጄ ጃኬት ብርቱካንማ ስለነበር ከጉብታው ጫፍ ላይ ለይቼ አየኋት። ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ለቀቀችው። እስከ መሀል ደህና ነበረች። መሀል ላይ ፈጠነች፤ እጆቿ ተበተኑ። እኔ ራሴን አላውቅም፤ አጥሩን ይዤ «ፒዛ! ፒዛ አድርጊ! ፒዛ!» እያልኩ ስጮህ ተገኘሁ። የአገሬ ሰው ቢያየኝ ሽማግሌው ርቦት አበደ ይለኝ ነበር። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ መሰንጠቅ የሚገባውን ያህል ሁሉ እዚያው ላይ ወጣ። እሷም ከፈተችው፤ በረዶውን እየገፋች፣ ፍጥነቷን እየቀነሰች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች።

«አባባ! ዲድ ዩ ሲ?»

«አየሁ፣ የኔ እመቤት። ሁሉንም አየሁ።»

ሄልሜቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ትኩር ብላ አየችኝ። «ዋይ አር ዩ ክራይንግ?» አለችኝ፣ እንባዬን በጓንቷ እየጠቆመች።

«አለርጂ ነው።»

ልጄ ሰማች። ወደኔ ዞረች፤ እኔ ወደ ዛፎቹ ዞርኩ።

እሁድ ሳይነጋ ተነሳሁ። ጥቁር ሱሪዬን ለበስኩ። የምግብ ጠረጴዛውን ገፋሁና ወንበሮቹን ግድግዳውን አስይዤ ደረደርኳቸው፤ ለመርዶ ስንት ሰው እንደሚመጣ እኔ አላጣውም። ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ መብራቱን ስታበራ መሀላቸው ተቀምጫለሁ።

«አባዬ…» አለች። ወንበሮቹን አየች። ከዚያ ከኋላዋ የቆመውን ባሏን ገልመጥ አድርጋ ወደኔ ዞረች። «ማን ነው የነገረህ?»

«እሱን ተዪው» አልኳት። «ሊፍቱ ነው የነገረኝ።»

በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ጎልማሶች ሰባት ሆነው ገቡ፤ አንዱም መናገር አልቻለም። የሕንፃችን ሊፍት እንደ ልማዱ ቆሞ አስራ አንዱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት። መርዶ ነጋሪ ትንፋሽ ያስፈልገዋል፤ ይህን ሳላስተምራቸው ቀርቻለሁ። ትልቁ ሰው በሩን ተደግፎ፣ «እንዲያው… በዚህ በኩል… ስናልፍ…» ብሎ ሳል ያዘው። ውሃ አመጣሁላቸው። ሁሉም ጠጥተው እስኪያበቁ ጠበቅኋቸው።

«መቼ ነው ያረፈችው?» አልኩ።

«ሐሙስ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ያን ጊዜ ያቆየሁትን አወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ገልጣ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠች፤ ከመሳቢያዬ የጠፋው ካርድ ነው።

«ይቅር በለኝ አባዬ። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ሥርዓቱ ነው።»

ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። «መጨረሻ ስታወሩ ምን አለችህ?»

«እኔ የምልህ፣ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

ካርዱን አገላበጥኩት። ገና አልተፋቀም።

«ከዚያማ ደቂቃዋን እኔ ጨርሻት ነበር» አልኳት።