ሱሪው የተወረሰበት ዲን

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ እንደ እኔ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጎረምሳ አልነበረም። የማውቀው «የስ» እና «ኖ»ን ነበር።

ትናንት ልጄ ስልኳ ላይ በአንድ የድሮ የፈረንጅ ኮሜዲ የኮሌጁ ዲን ሱሪ ሲወልቅ አይታ፣ «አባዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቆሻሻ ፊልም ነው?» አለችኝ። ወዲያው በጉርምስናዬ ፊልም የምናይበት የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጓዳ ከነነጭ ጋዙና ከነልብስ ሳሙናው ሸተተኝ።

ያን ጊዜ፣ እሁድ ቀን ነበር። የቀበሌ ውይይት ጥለን እዚያ ጓዳ ይህንኑ ፊልም በጋሽ ሸምሱ የቪዲዮ ዴክ ስናይ፣ የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ገባ።

«የኢምፔሪያሊስት ብልግና! ዴኩ ይወረሳል!»

ጋሽ ሸምሱ በጉራዬ አምነው ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተርጉምለት እንጂ!»

ተነሣሁ። «ጓድ፣ ዲኑ ፊውዳል ነው። ተማሪዎቹ ተደራጅተው ሱሪውን ወረሱት።»

አገጩን አሻሸ። «ኬክ ፊቱ ላይ የሚለጥፉትስ?»

«ሕዝቡን አስርቦ የበላውን እየመለሱለት ነው!»

ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ። ዴኩም ተረፈ።

ጋሽ ሸምሱ ሲሸኙን፣ «ፊልሙ ርካሽ ነው፤ እኔም ዓይን አለኝ። ግን በዚህ ዘመን እንዲህ ስትስቁ ሌላ የት አያችኋለሁ?» አሉን።

ለልጄ አዎ፣ ቆሻሻ ነው አልኳት። ታሪክ የለውም፣ ተዋናዮቹም ግንድ ናቸው፤ እወደዋለሁ፣ ምን ይጠበስ! ስልኩን ነጥቄ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ኬኩ ጋ ስደርስ ሳቄ መቆሚያ አጣ፤ ሃምሳን ያለፍኩ ሰውዬ፣ ሶፋው ላይ ሽንቴ አመለጠኝ።