ቸርኬ አልባሹ ዮፍታሔ

ከቁስቋም ዳገት ሥር፣ ከመኪና ማጠቢያው ላቫጆ አጥር ጥግ፣ ዮፍታሔ የሚባል ወጣት የመኪና ቸርኬ፣ ማለት የጎማውን ብረት፣ ያለብሳል። «ይቀባል» ካላችሁት ይቆጣል። ቀለም አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፤ የእሱ ግን በስፕሬይ ተረጭቶ ሲደርቅ እንደ ስስ ጎማ ይሆናል። የሰለቸው ሰው ጫፉን በጥፍሩ ይዞ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይገፈዋል። ሲገፈፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጨረቃ ልብሷን ስትለውጥ ያየሁ መስሎኝ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ።

ሥራው ጥንቃቄ አለው። ቸርኬውን በሳሙና አጥቦ፣ ቅባቱን በቤንዚን ጠርጎ፣ ርጭቱ ጎማውን እንዳይነካ ዙሪያውን አሮጌ የመጫወቻ ካርታ ይሰካል። ያን ጊዜ መኪናው በአራት እግሩ አክሊል የደፋ ይመስላል።

ሰፈራችን ደግሞ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ነው። እያሳለ ዳገቱን የሚወጣው መኪና ሁሉ ቸርኬው ያበራል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲቆም ለሰው የሚታየውን ጎን ብቻ ያስለብሳል። ሁዳዴ ሲገባ ግራጫ አስለብሶ ለፋሲካ የሚያስገፍፍም አለ፤ መኪናው ይጾማል፣ የሰውየውን እንጃ።

ዮፍታሔን ስም ያወጣለት ግን የኀዘን ቸርኬ ነው። ባለቤቱ ጥቁር ሲለብስ መኪናውም ጥቁር ይለብሳል፤ የሟች አርባ ሲወጣ ይገፈፋል። ይህን የጀመሩት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ታረቀኝ ናቸው፤ በቅርቡ ታላቅ ወንድማቸው ሲሞቱ አሮጌ ቶዮታቸውን ጥቁር አስለበሱ። ለቀስተኛው ከእሳቸው ይልቅ ጎማውን እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

እንግዲህ ዮፍታሔ ቤዛዊትን ይወዳል። ቤዛዊት ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ትሠራለች፤ እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ ደግሞ አንዴ እንቢ ካሉ ሁለተኛ ሽማግሌ በራቸውን አያልፍም። ዮፍታሔ ያለው ዕድል አንድ ነው። አቶ ታረቀኝን ሽማግሌ እንዲሆኑለት ለመነ፤ እሺ አሉት። ችግሩ ቸርኬው ነበር።

«በጥቁር ጎማ ልጅ አይጠየቅም፤ ልግፈፈው?» አለ ዮፍታሔ።

«አርባው ሳይወጣ? አብደሃል እንዴ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ከላዩ ደርብበት። ወርቅማ አድርገው።»

ዮፍታሔ ሥራውን ያውቃል፤ መደረብ እንደማይበጅም ያውቃል። ግን ፍቅር ይዞታል፣ ደረበበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ታረቀኝና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች በቶዮታው ዳገቱን ወጥተው ከወይዘሮ ብርቅነሽ ደጅ ደረሱ። ጎረቤት ነንና ሁላችንም በየአጥራችን ሥራ ያለን መሰልን። ወይዘሮዋ ሊቀበሉ ወጡና በሩን ሳይለቁ ዓይናቸው ጎማው ላይ ቀረ።

«አቶ ታረቀኝ፣ የወንድምዎ አርባ ወጣ እንዴ?»

«እ... ማለቴ... ገና ነው።»

«ድንኳን ውስጥ አብረን ስናለቅስ ይሄ ነገር ጥቁር አልነበረም?»

«አሁንም ጥቁር ነው» አሉ አቶ ታረቀኝ። «ጥቁሩ ከሥር አለ።»

«ኀዘኑ ከሥር፣ ሠርጉ ከላይ?»

አቶ ታረቀኝ ወርቁን በእግራቸው ሊከልሉ ሲሞክሩ ወይዘሮዋ ቀጠሉ።

«ሟቹ ጎረቤቴ ነበሩ። ወርቁን አንሡልኝና ከዚያ ጉዳያችሁን እሰማለሁ።»

ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ደጅ አይታይም። ዮፍታሔም ማዶ ካለ ሱቅ ጀርባ ተደብቆ ጥፍሩን እየበላ ነበር። አቶ ታረቀኝ ግን ስልካቸውን አውጥተው «ና! ቶሎ ና! ግፈፍ!» ብለው ጮኹ። ሲሮጥ መጣ፣ ወይዘሮዋን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ጎማው ሥር ተንበረከከ።

«ወርቁን ብቻ» አሉት ወይዘሮዋ።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ተጣብቀዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይነሣም።»

«እስቲ ግፈፈው፣ ልየው።»

ገፈፈው። ፊቱ ወርቅ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነ ቆዳ በእጁ ተንጠለጠለ። ከሥሩ የዛገ ብረት ወጣ። ያን ብረት የሰፈሩ ሰው ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም፤ ዝገት እንደ መስከረም አፈር ቀይ ሆኖ እንደሚያምርም እኔ ያን ቀን አወቅሁ።

«ወንድሜን!» አሉ አቶ ታረቀኝ ራሳቸውን ይዘው። «አርባህ ሳይወጣ በሰው ደጅ ገፈፉህ!»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ወይዘሮ ብርቅነሽ አልሳቁም። ብረቱን አዩ፣ ጭቃ ላይ የተንበረከከውን ልጅ አዩ። «ሌሎቹንም ጨርስ» አሉት።

ዮፍታሔ መኪናውን እየዞረ ሁሉንም ገፈፈ። ሲጨርስ ቤዛዊት ማንም ሳይጠራት ውኃና ሳሙና ይዛ ወጣች፣ አስታጠበችው። ውኃው ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

«ይሄ ውኃ ነው እንጂ መልስ አይደለም!» አሉ እናቷ ፈጠን ብለው።

«እኛስ ምን ይዘን እንመለስ?» አሉ አቶ ታረቀኝ።

«በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ፤ ያኔ ቤት ገብታችሁ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።» ወይዘሮዋ የተገፈፈውን ጎማ አዩ። «በእግራችሁ ግን።»

አቶ ታረቀኝ ቁልቁል የመጡበትን መንገድ አዩ። «ይሄን ሁሉ ዳገት?»

«ይሄን ሁሉ።»